የሾር አምብሮዝ ፊርማ

«አንድ ፊርማ ቀረሽ» አለች ሾራ ፋኒ፣ ወረቀቱን ከመነጽሯ አርቃ እያየች። «እሱም ዋናው ነው።»

ቪንካ የቀረው ማን እንደሆነ ሳይነገራት ታውቃለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሕንፃውን በር ሁሉ ስታንኳኳ፣ ያንን በር ብቻ በእግሯ ጣት እየተራመደች ነበር የምታልፈው።

«ከሥርሽ የሚኖረው ሰው ካልፈረመ የሌላው ሁሉ ፊርማ ውኃ በላው ማለት ነው» አለች ፋኒ። የሕንፃው ነዋሪዎች ተወካይ ከሆነች ወዲህ ሕጉን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። «አዲሱ ሕግ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሰውየው እንደሆነ አይናከስ።»

ቢናከስ ይሻላት ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቤት የእናቷ ነበር። ባሏ ሲሜ ከመርከብ መሥሪያው ወገቡን ታሞ ከወጣ ወዲህ እነሱ ጣሪያ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተጣበው፣ የእናቷን ቤት ለቱሪስት ያከራያሉ። ሁለቱም የሚበሉት ከዚያ ቤት ኪራይ ነው። አሁን ግን ለቱሪስት የሚያከራይ ሰው የጎረቤቶቹን የጽሑፍ ፈቃድ ካላመጣ የማከራያ ፈቃዱ አይታደስለትም ተባለ። ሲሜ ዜናውን የሰማ ዕለት፣ «ጉዳዩ ከመንግሥት ጋር ቢሆን ይሻለን ነበር። መንግሥት ቢያንስ አያኮርፍም» ብሎ ስቆ ነበር። ቪንካ አልሳቀችም።

ሾር አምብሮዝ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ልክ ከዚያ ቤት ሥር ነው የሚኖረው። በሰፈሩ ወንዱ በአክብሮት «ሾር»፣ ሴቷ «ሾራ» ተብለው ነው የሚጠሩት። ሚስቱ ፔሪና ባለፈው ነሐሴ ሞተች። ቪንካ ልጅ ሳለች እናቷ የዓሣ ፋብሪካ ተረኛ ስለነበረች፣ ከትምህርት ቤት ቀጥታ የምትሄደው ፔሪና ማድ ቤት ነበር። ቆስጣና ድንቿን በልታ፣ የቤት ሥራዋን ሠርታ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና ነው እናቷ የምትወስዳት። በወደብ ከተማቸው በስፕሊት ሰው ሠርግ ቢቀር ይቅር ይባላል። የጎረቤቱ ለቅሶ የቀረ ግን ሰው አይባልም። ቪንካ ደግሞ የቀረችው የጎረቤቷን ብቻ አልነበረም።

የቀብሩ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ እንግዶች በአራት ሰዓት ይወጣሉ፣ ሌሎቹ በስምንት ይገባሉ። በመሐል አራት አልጋ ይገፈፋል፣ አንሶላው ይታጠባል። «ለቅሶውን ማታ እደርሳለሁ» በሚል በመስኮት ብቅ ብላ፣ ግቢው ላይ በተወጠረው ገመድ እርጥብ አንሶላ ስታሰጣ ጥቁር የለበሱት ሰዎች ከሥር ወጡ። ውኃው ባርኔጣቸው ላይ ተንጠባጠበ። ሾር አምብሮዝ ቀና አለ። ቪንካ ቶሎ ብላ አንሶላው ጀርባ ተደበቀች። እጆቿ ግን ገመዱንና መቆንጠጫውን እንደያዙ ውጭ ቀርተው ነበር። ያየው እነሱን ነው።

ማታ የእንግዶቹ ቧንቧ ተበላሸ። በማግሥቱ አፈረች። በሳምንቱ ደግሞ ሳምንት ሙሉ በመዘግየቷ አፈረች። ዛሬ ነገ ስትል ስምንት ወር ሆነ፤ ደረጃ ከመውረዷ በፊት የሰውየው በር መከፈት አለመከፈቱን ማዳመጥ ለመደች።

አሁን በሩ ላይ ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ፓኮ ቸኮላታ ይዛ ቆማለች። ለታመመም፣ ለወለደችም፣ ለሞተበትም፣ ውለታ ለሚለመንም የሚያዘው ያው ነው። ደወሉን ተጫነች።

ሾር አምብሮዝ ከፈተ። መጀመሪያ ቡናውን አየ፣ ቀጥሎ እሷን። ፊቱ ተፈታ።

«ቪንካ! ግቢ፣ ግቢ ልጄ። ለፋኒ ነግሬያት ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ትመጣለች ብዬ። ፔሪና ያሳደገቻት ልጅ አትቀርም ብዬ።»

ለቅሶ የመጣች መስሎት ነበር። እዚያው በር ላይ ማረም ትችል ነበር፤ ግን ተከትላው ገባች። ልጅ ሆና ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ አስቀመጣት። የፔሪና ሽርጥ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ቅጠል የተነከረበት አረቄ በሁለት ትንንሽ ብርጭቆ ቀዳና፣ ሳያጋጭ፣ «ለነፍሷ» አለ።

«ለነፍሷ።»

«መጨረሻ ላይ እግሯ አብጦ ነበር። ካንቺ ቤት ሻንጣ ሲንኳኳ እኔ እሳደባለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ‹ተዋት፣ ቪንካ ቀንቷታል› ትለኛለች።»

«እንደዚያ ትል ነበር?»

«ምን እንደዚያ ብቻ፣ ሻንጣውን ትቆጥርልሽ ነበር።»

ሐፍረቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ጆሮዋን አጋለው። የሚናገረውን ሁሉ እንደ ሌባ ነበር የምትቀበለው። ይህም አልበቃ ብሎ አንድ ሐሳብ መጣላት፦ ዝም ብላ አዳምጣ፣ ልትወጣ ስትል በር ላይ፣ «ለነገሩ ሾር አምብሮዝ፣ አንዲት ወረቀት ነበረችኝ» ብትለው ይፈርማል። ማሰቧ ራሱ አስጠላት።

ዓይኗን ልትጠርግ መሐረብ ከቦርሳዋ ስትስብ ወረቀቱ አብሮ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሾር አምብሮዝ ጎንበስ ብሎ አነሣው። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ለዚህ ነው የመጣሽው?»

ለሁለቱም ነው ማለት ይቻል ነበር።

«ለዚህ ነው» አለች።

«ቡናውም?»

«ቡናውም።»

ከመሳቢያው እስክሪብቶ አወጣና ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን ሰጣት፤ ቡናውንና ቸኮላታውንም መልሶ አስታቀፋት።

«ፔሪና ብትኖር ትፈርምልሽ ነበር፤ የሷ ነው በይው። ከእንግዲህ ይህን ደወል የሚያስደውልሽ ጉዳይ የለሽም።»

«ሾር አምብሮዝ፣ እኔ…»

«ሂጂ፣ ቢሮው ሳይዘጋብሽ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ የምትመልሰው አይጠፋትም ነበር። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ፈረመ?» አለች ፋኒ ከታች።

«ፈረመ።»

«ይኸው! አልነከሰሽም።»

ቪንካ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱ ሞልቷል። ሲሜ መስኮት ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። ቢሮው እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነው፤ በእግር እንኳ ትደርሳለች። ዘንድሮም እንግዳ ይመጣል፣ አንሶላ ገመዱ ላይ ይሰጣል። እሷም ዕድሜ ልኳን ደረጃ ከመውረዷ በፊት በር ታዳምጣለች፣ ከነፈቃድ ወረቀቷ።

ተነሣች። ቡናውንና ቸኮላታውን ደረጃው ላይ ተወችው። ወረቀቱን በሾር አምብሮዝ በር ሥር አስገብታ፣ ጫፉ እስኪሰወር በጣቷ ገፋችው። ቢቀደድም እሱ ያውቃል፣ ቢመለስም እሱ ያውቃል። ከዚያ ባዶ እጇን ደወሉን ተጫነች።

ኮቴ መጣና በሩ አጠገብ ቆመ።

«ማነው?»

«ቪንካ ነኝ» አለች። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»