አምስት ቀዳዳ ከፊት፣ ስድስት ከኋላ

የመኪናዋ ፊትና ኋላ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል። በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ዳገትና ጭቃ የማይበግራት አሮጌ መኪና ናት። የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክስሏ ተሰብሮ ከሌላ መኪና በተነቀለ ሲተካ፣ የመጣው አክስል ጎማውን የሚያስረው በስድስት ቡሎን ሆነ፤ የፊቱ ግን እንደ ጥንቱ በአምስት ቀረ። የኋላው ጎማ ፊት አይገባ፣ የፊቱም ኋላ አይገባ። ሹፌሯ ለፊትም ለኋላም ለየብቻ መጠባበቂያ መያዝ ነበረባት፤ ከተራራው መንደሮች በሽተኛ አስተኝታ የምታመላልስ ሴት ደግሞ ሁለት ትርፍ ጎማ የት ታስቀምጥ? አንዱን ይዛ አንዱን ትታ፣ በዕድል ስትሠራ ቆየች።

ዕድሏ ቁልቁለት ላይ ከዳት። ምጥ የያዛት ሴት ኋላ እንደተኛች የፊት ቀኝ ጎማ ፈነዳ። የያዘችው መጠባበቂያ ባለ ስድስት ቀዳዳ ነው። ከንቱ መሆኑን እያወቀች አንከባልላ ወስዳ ገጠመችው፤ ቀዳዳውና ቡሎኑ እንደ ተጣላ ጎረቤት ተላለፉ። ምጠኛዋን ባሏና ወንድሞቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ። ሕፃኑ መንገድ ዳር ተወለደ፤ እናትም ልጅም በሰላም ተረፉ። የምጠኛዋ እናት ግን ቃሬዛውን ተከትለው በመኪናዋ ሲያልፉ፣ “ጎማ ታቅፈሽ ቆመሽ ጎማ የለኝም ትያለሽ?” አሏት። ይቺ ንግግር ሹፌሯ አንጀት ውስጥ ተቀመጠች።

የሹፌሯ አባት ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የፈጁ ሰው ናቸው። ሥራቸው ከልኩ ዝንፍ ስለማይል ሰፈሩ “ሚሊሜትር” ይላቸዋል። ጋራዡን ከዘጉ ወዲህ መሣሪያቸውን ጓሮ ባለው ቆርቆሮ ቤት ደርድረው፣ እየወለወሉ ይውላሉ።

“አባዬ፣ የፊቱን ወደ ስድስት መቀየር አለብን” አለቻቸው። “ሞዞውን ፈትቼ ቶርኖ ቤት ልውሰደው?” ሞዞ ቡሎኖቹ የተተከሉበት፣ ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት ነው፤ ቶርኖ ቤት ደግሞ ብረት በማሽን የሚቀረጽበት።

“ቶርኖ ቤት? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?”

“አልሞትክም፤ ግን...”

“እንግዲያው ክሪኩን አምጪ።”

መኪናዋ በክሪክ ተነሳች፤ የፊት ጎማዎቹ ወለቁ፤ የግራና የቀኝ ሞዞዎቹ ግራሶ እንደተለቀለቁ ወጡ። አባትየው የየአንዳንዱን አምስት ቀዳዳ በብየዳ ደፍነው አስተካከሉ። አዲሶቹ ቀዳዳዎች የሚያርፉበትን ክብ ያሰመረችው እሷ ናት። በሹል ብረት ነጥብ መምታቱንና መብሳቱን ግን ለማንም አልሰጡም። ጠጋ ስትል፣ “ገለል በይ፣ ብርሃን ከለከልሽኝ” ይሏታል።

ጎማው ሲሞከር ከስድስቱ ቡሎን አራቱ ገቡ፣ ሁለቱ እምቢ አሉ።

“ቸርኬው ነው የተጣመመው” አሉ አባት፣ ጎማው የተጠለቀበትን ብረት እያንኳኩ።

“ቸርኬውማ ትናንት ኋላ ታስሮ ነበር፣ ምንም አልሆነ።”

“አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ሥራ መንዳት ነው፤ ብረቱን ለኔ ተይ።”

ሞረድ አንስተው ቀዳዳዎቹን ማስፋት ጀመሩ። ሰፉ፤ ጎማውም ገባ። አሁን ደግሞ ቡሎኑ መያዣ አጥቶ፣ ጫፉ ላይ የሚታሰረውን ዳዶ ስታጠብቅ አብሮ ይዞራል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እንደገና ተደፈነ፣ እንደገና ተበሳ። የግራው ሞዞ በመዶሻ እየተለመነ ስድስቱንም ቢያስገባ፣ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።

“ኩሽኔታው ነው” አሉ አባት፣ ሞዞው የሚሽከረከርበትን ባለ ኳስ ቀለበት እያሳዩ።

ኩሽኔታው ተቀየረ። ያው ነው። እስከ ሰፈሩ ጫፍ ልሞክራት ብላ ስትነዳ፣ መሪው እስከ ጥርሷ ድረስ አንቀጠቀጣት። ዞራ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ከላይኛው መንደር ነው፤ ከጣራ የወደቀ ሰው አለ፣ እግሩ ተሰብሯል።

“መኪናዬ ቆማለች” አለች።

“ኧረ ባክሽ! ሌላ ማን አለን?”

“አልችልም አልኩ እኮ!” ብላ ዘጋችው። ያን ሰውዬ ጎረቤቶቹ ተሸክመው እንደሚያወርዱት ታውቃለች፤ በየድንጋዩ ሲደናቀፉ እንዴት እንደሚጮህም ታውቃለች።

ቆርቆሮ ቤቱ ስትገባ ደሟ ፈልቶ ነበር። “በቃ! ውሃ ስንወቅጥ ከረምን። ቶርኖ ቤት ብወስደው ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር። ያንተ ኩራት ሰው ሊገድል ነው!”

አባትየው መፍቻዎቹን በየመጠናቸው መደርደር ጀመሩ። ይሄ ይበልጥ አናደዳት። መኪናዋን በክሪክ አንስታ ሁለቱንም ሞዞ ፈታች፣ ቡሎኖቹን ነቀለች፤ የቀኙን ይዛ ወደ በሩ መጣች። ፀሐይ ላይ ስታየው እሷ ያሰመረችው ክብ ጥርት ብሎ ይታያል። ቀዳዳዎቹ ግን መስመሩ ላይ አይደሉም። ስድስቱም ወደ አንድ ጎን፣ የጥፍር ውፍረት ያህል ሸሽተዋል። የቸኮለ ወይም የደከመ ሰው እዚህም እዚያም ይስታል እንጂ እንዲህ በአንድ ወገን አይስትም።

መለኪያውን ከመደርደሪያው አንስታ ቀዳዳው ላይ አስይዛ ሰጠቻቸው። “ስንት ይላል?”

“አሥራ አራት” አሉ፣ ቶሎ ብለው።

አሥራ ሰባት ነበር።

“አባዬ... አይታይህም?”

“ይሄ ቤት ጨለማ ነው።”

ቀትር ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይዋ እግራቸው ሥር ተንጣላለች። አባትየው እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ ከጸዳም በኋላ መጥረጋቸውን አልተዉም።

“የግራው ዓይኔ ጭጋግ ከለበሰ ቆየ” አሉ በመጨረሻ። “ቀኙም እየተከተለው ነው።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ሚሊሜትር እየተባልኩ ዓይኔ አያይም ልበል? ምን ቀረኝ እንግዲህ?”

ልታዝንላቸው ፈለገች፤ ንዴቷ ግን ገና አልወጣላትም። ሞዞዎቹን በጆንያ ጠቀለለች። “ተነስ፣ እንሂድ።”

“የት?”

“ቶርኖ ቤት። አንተም ትመጣለህ።”

ባለቶርኖው የአባቷ የድሮ ባላንጣ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ኖረው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያማ አንድ ቀን አላደረም። ጆንያውን ፈትቶ ሞዞዎቹን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

“እነዚህ አልቆላቸዋል፤ ብረቱ በብየዳ ተቀቅሏል። በዚህ ሰው ጭነሽ ብትወርጂ ገደል ነው የሚቀበልሽ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?”

ልጅቷ፣ “እኔ ነኝ” ልትል አፏን ከፈተች።

“እኔ ነኝ” አሉ አባቷ። “ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ነው። እሷ ወደ አንተ እንውሰደው ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት።”

ባለቶርኖው ቀና ብሎ አያቸው። የሆነ ቀልድ አፉ ላይ መጥቶ እንደነበር ያስታውቃል። ዋጠው። ወንበር አምጥቶ በጓንቱ አቧራውን አራገፈና፣ “ተቀመጥ ወንድሜ” አላቸው።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሁለት ባለ ስድስት ቀዳዳ ሞዞ ፈልጋ አመጣች፤ የኩሽኔታው ማረፊያ ሰፋ። ባለቶርኖው ቀለበት ቀርጾ አጠበበው። ቀለበቱ ልክ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ የሚይዝበት ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ መፋተግ ጀመረ፤ ተፈታ፣ ተላጠ፣ ታሰረ፣ እንደገና ተፈታ። እሷ መፍቻውን ወርውራ ውጭ ወጥታ የተቀመጠችበት ጊዜ ነበር፤ አባቷ ደግሞ እየዳበሱ ሄደው ያነሱበት። በመጨረሻ ጎማው ስድስቱም ላይ ያለ መዶሻ ገባ፤ ሲሽከረከርም ቀጥ ብሎ ዞረ። እልል ያለ የለም፤ ሁሉም ደክሞት ነበር።

መኪናዋ በወጣች ማግሥት መጀመሪያ የጫነችው አባቷን ነው። የዓይን ሐኪሟ መርምራ፣ የቀኙ በቀዶ ሕክምና እንደሚድን፣ የግራው ግን የዓይን ግፊት ስላጠፋው ጊዜው እንዳለፈ ነገረቻቸው። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተቆጣች፤ “ይህን ያህል ጊዜ! አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?”

“እሱን አሁን ምን ታደርጊዋለሽ?” አሉ አባቷ፣ ጫማቸውን እያዩ። “ስደቢኝ፣ ይውጣልሽ።”

ስትሰድባቸው ግን አልወጣላትም።

የቀኙ ተሠራ። ፋሻው ሲነሳ አባትየው መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ነርሷን፣ ከዚያ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ።

“አንቺ” አሉ፣ “መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?”

ልጅቷ ጃኬታቸውን ከሚስማሩ ላይ አንስታ ያዘችላቸው፤ እሳቸውም የግራውን እጅጌ ሁለቴ ስተው በሦስተኛው አገኙት።