ከቀበቶው ላይ የተለቀመ ጥርስ

ማግኔት የሚሉት በሚሠራበት የቆሻሻ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ከቆሻሻ መሃል ብረት ሲለቅም እጁ አይስትም። ሰሞኑን ግን ሚስቱ የእናቱን ክፍል ስታጸዳ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘችና፣ ያገለገለ ሶፍት መስሏት ፌስታል ውስጥ ከተተችው። የቆሻሻ መኪናው ይዞት ከሄደ በኋላ ነው የአሮጊቷ የሚወልቅ ጥርስ መሆኑ የታወቀው።

አሮጊቷ አፋቸውን በብርድ ልብስ ሸፈኑ። ሐኪሙ ብዙ እንደማይቆዩ ተናግሯል። ቀደም ሲል ልጃቸውን «አንድ የምነግርህ ነገር አለ፤ ሰው ይውጣ» ብለውት ነበር። አሁን ሰው ወጥቶ፣ በር ተዘግቶም አልናገርም አሉ። በባዶ ድድ መታየት ሞት ሆነባቸው፤ ሌላው ሞት ደግሞ መንገድ ላይ ነበር።

በማግስቱ ማግኔት ፋብሪካው ውስጥ ቆሻሻ ተሸካሚው ቀበቶ ላይ ዓይኑን ተከለ። የከተማው ቆሻሻ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ብረቱና ጠርሙሱ ይለቀማል፣ የቀረው ተፈጭቶና ደርቆ ምድጃ ውስጥ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም ነዳጅና አልኮል።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው ከፊት ለፊቱ የምትለቅመው ሴት።

«የእናቴ ጥርስ።»

«ውይ! እስካሁንማ የታክሲ ነዳጅ ሆኗል። እሳቸው እንደዚህ ሮጠው አያውቁም።»

ፎርማኑን፣ ቀበቶው ለአፍታ ይቁም ብሎ ለመነው።

«ምድጃው ከራበው ይበርዳል፣ ከበረደ ቧንቧው በሬንጅ ይደፈናል። ለበላይ ምን ልበል? የማግኔት እናት አኩርፈው ነው ልበል?»

ለቃሚዎቹ ጥርስ ወደ መፍጫው አያሳልፉም። እንዲህ የሚል ደንብ የለም፤ እጃቸው እምቢ ይላል። ያገኙትን መስኮቱ ላይ ባለ የቀለም ቆርቆሮ ያጠራቅማሉ። ሴትዮዋ ቆርቆሮውን ወደሱ ገፋችው።

«ምረጥ እንግዲህ። እናትህን የምታውቃቸው አንተ ነህ።»

በዚያ አፍ ዕድሜ ልኩን ተመክሯል፣ ተሰድቧል፣ ተመርቋል፤ ጥርሱን ግን ልብ ብሎት አያውቅም። ፈገግ ያለ የመሰለውን አንሥቶ በሳሙና አጠበው።

አሮጊቷ ጎረሱት። በምላሳቸው ዳሰሱት። ከዚያ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«እሱ ነው አይደል፣ እማዬ?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁለት። ወደ ጆሮው ተጠግተውም ረጅም ነገር ነገሩት። የባዕድ ሰው ጥርስ እየተንቀጫቀጨ ቃሉን ሁሉ አኘከው፤ «ልጄ» እና «አደራ» ብቻ ተረፉ። አውልቀሽ ድገሚልኝ እንዳይል፣ የራስሽ ነው ብሏል። እሳቸውም የኔ ነው ብለዋል።

«ሰማኸኝ?» ያሉት መሰለው።

«ሰማሁሽ። እንዳልሽው አደርጋለሁ።»

ሸክም እንዳራገፈ ሰው ቀለል ብሏቸው ተኙ። ጠዋት አልነቁም።

«ምን አሉህ?» አለችው ሚስቱ፣ ለቅሶው ጋብ ሲል።

«ለኔ ብቻ ነው» አላት።