የታደለን ሞተር የበላው

ክረምቱ ወጥቶ ከፎገራ ሜዳ ውሃው ሲሸሽ፣ የታደለ ሞተር ከመቀመጫው ሥር ለሁለት ተሰበረ። ታደለ ቁሐር ሚካኤል መንገድ ላይ ከወደቀበት ጭቃ ተነሥቶ፣ በማግስቱ ወረታ ገበያ መካከል ቆመና "ያ ጠይብ በዓይኑ በላው" አለ። አለ ብቻ አይደለም፣ ጮኸ።

ጠይብ ያለው በያጁን ይርዳውን ነው። የይርዳው አባት ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። እሱ በኤሌክትሪክ እየበየደ ያድራል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ሰኔ ላይ የዚያኑ ሞተር መርገጫ ሲበይድ "ደህና ሞተር ነው" ብሎ ነበር። ጥፋቱ ይቺው ናት። ታደለ ቃሏን ክረምቱን ሙሉ በሆዱ ይዟት ከርሞ፣ ብረቱ ሲሰበር አወጣት።

ይርዳው ሲሰማ ደሙ ፈላ። ሰው ሲታመም፣ ላም ስትሞት የአባቱ ስም ሲነሣ እየሰማ አድጓል፤ ለተሰበረ ብረት ሲነሣ ግን ይኸ የመጀመሪያው ነው። ዓይን ብረት የሚበላ ቢሆን በእሱ ደጅ አንድ ሚስማር ባልተረፈ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ያመጣለት ሰው ጠፋ፤ መንገድ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ አየ።

ሌሎቹ በያጆች ግን "ይኸ ብረት ሳስቷል፣ ከይርዳው በቀር የሚይዘው የለም" ብለው ታደለን መለሱት። ታደለም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የተሰበረውን ሞተር በጋሪ አስጭኖ ይርዳው ደጅ መጣ።

ይርዳው አልሰደበውም። ብረቱን በመዶሻ መታ ሲያደርገው ዝገቱ እየተቀረፈ ረገፈ፤ ከውስጡም ነጭ ነገር ታየ። በጣቱ ነክቶ ቀመሰው። ከዚያ ስባሪውን አንሥቶ በቀጥታ ወደ ገበያው ሄደ። ታደለ ተከተለው።

"እማማ አማከለች፣ እስቲ ይኸን ይቅመሱልኝ" አላቸው፣ ጨው የሚሸጡትን አሮጊት።

ሰው ሁሉ እያየ አሮጊቷ ቀመሱ። "ይኸማ የኔው ጨው ነው" አሉና ወደ ታደለ ዞሩ። "ክረምቱን ሙሉ ለከብት እያልህ በጆንያ ስትጭን፣ ሸራ አልብሰው አላልሁህም? ዝናቡ እያቀለጠ አወረደብህ።"

ገበያተኛው ሳቀ። ሳቁ ይርዳውን ይብስ አናደደው። በዓይኑ በላ ሲባል "ተው" ያላለ ሰው ሁሉ አሁን ጥርሱን ይገልጣል።

"በል እንግዲህ በይድልኝ" አለ ታደለ።

"እበይድልሃለሁ። መጀመሪያ በላው ያልኸውን መልስ።"

"ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተወው እንጂ፣ ሰው እንደሁ ሰምቷል።"

"በላው ስትል ጮኸህ ነበር። አልበላውም ስትልም ጩህ።"

ታደለ ግራ ቀኙን አየ። አንገቱን ደፍቶ፣ ለጫማው የሚነግር ይመስል "አልበላውም" አለ።

እማማ አማከለች ጨው እየሰፈሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አልሰማሁህም" አሉት።