ከሚስቴ ጎን ያለው ከበሮ

ናዋታ የሚባለውን ሰውዬ የጠላሁት ገና ዓይኑን ሳላየው ነው። ሚስቴ ፉሳኤ እራት ላይ ስሙን ደጋገመችው። ናዋታ እንዲህ አለ፣ ናዋታ እንዲያ መታ። አቶ የለ፣ ጋሼ የለ! እኔን ባሏን እንኳ በስሜ ለመጥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

ኦሳካ ገበያ ውስጥ ዓሣ እሸጣለሁ። ከሱቄ አለፍ ብሎ አንድ ጌም ቤት አለ። እዚያ ሁለት ትልልቅ ከበሮ ጎን ለጎን የቆሙበት ማሽን አለ፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ሲደርስ መሀሉን፣ ሰማያዊ ሲደርስ ጠርዙን፣ ከዘፈኑ ጋር እኩል መምታት ነው ጨዋታው። ልጆቻችን ከቤት ከወጡ ወዲህ ፉሳኤ ከሰዓት ከሰዓት እዚያው ሆነች። «ና አብረን እንምታ» ብላ ስንቴ ለምናኛለች መሰላችሁ! «በዚህ ዕድሜሽ ከልጆች ጋር ስትንጫጪ አታፍሪም?» ነበር መልሴ። ይኸው፣ ሄደችና ሌላ አገኘች።

አንድ ቀን ሄጄ አየሁት። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የሹፌርነት ነጭ ጓንቱን ዛሬም አላወለቀም፤ የከበሮውን ዱላዎች የሚይዘውም በጓንቱ ነው። ሽበቱን አበጥሯል፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። የእኔ እጅ ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢታጠብ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የሱና የፉሳኤ እጅ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል። ዘፈኑ ሲያልቅ ፉሳኤ ከልቧ ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

«መጣህ እንዴ? በል ቦርሳዬን ያዝልኝ» አለችኝ።

«ዘበኛሽ ነኝ?» ብያት ወጣሁ።

ለሚቀጥለው እሑድ ጌም ቤቱ የጥንዶች ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ናዋታ አብራው እንድትቆም ጠይቋታል፤ እሷም «አስቤበት ቅዳሜ እነግርሃለሁ» ብላዋለች። ይህን ራሷ ናት ዓይን ዓይኔን እያየች የነገረችኝ። እኔ ግን ሩዜን መብላቴን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካውን የቤት ከበሮ ገዛሁ። እሷ ስትወጣ ሱቁን ለወንድሜ ጥዬ ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ ከበሮውን ትራስ ላይ አስቀምጬ እወግረዋለሁ። የናዋታን ጭንቅላት እያሰብኩ ስለምመታ ነው መሰለኝ፣ ቶሎ ለመድኩት። በሳምንቱ መጨረሻ አንድም ምልክት አይስተኝም ነበር።

ቅዳሜ ጌም ቤት ገባሁ። ናዋታ ዱላዎቹን ሊያነሳ ሲል «ዞር በል!» አልኩትና ከሚስቴ ጎን ቆምኩ። የገበያው ሰው ከበበን። ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ኢሶኖ ደግሞ «ቶኪዞ፣ ከበሮ ነው፤ ዓሣ መስሎህ እንዳትቆራርጠው!» ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ።

ዘፈኑ ጀመረ። መታሁ፣ ሳትኩ። ደግሜ መታሁ፣ ሳትኩ። ሁሉንም ሳትኩ! ላቤ በጆሮ ግንዴ ወረደ። ፉሳኤ ጎኔ ሆና አንድም አልሳተችም።

ናዋታ ጠጋ ብሎ በትሕትና (ይኸው ትሕትናው ነው የሚያቃጥለኝ) እንዲህ አለ፦ «ጋሼ ቶኪዞ፣ ምትዎ ሸጋ ነው፤ ግን ሁሌም ትንሽ ይቀድማል። የቤት ቴሌቪዥን ምልክቱን አዘግይቶ ነው የሚያሳየው። በሱ የለመደ ሰው ምልክቱ ሳይደርስ ይመታል። እቤት ብዙ ተለማምደዋል ማለት ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፉሳኤ ወደ እኔ ዞረች።

«እቤት? አንተ? ትራሴን እንዲያ ያጎደጎድከው አንተ ነህ? እኔ እኮ ምስኪኗን ድመት ስቆጣ ከረምኩ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ቀናሁ! ምን ይጠበስ?»

«ዓሣ!» አለች ኢሶኖ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፉሳኤ ብቻ አልሳቀችም።

ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ። እጄ አሁንም አልታዘዝ ብሎኝ ቀድሞ ወረደ። ድንገት የሷም ዱላ ከእኔ እኩል አረፈ። ተሳስታ ነው ብዬ ነበር፤ ቀጥሎም እኩል፣ ቀጥሎም እኩል። ከዘፈኑ ቀድማ፣ ከእኔ ጋር እየመታች ነው። ስክሪኑ በሷ በኩልም ሳተች፣ ሳተች ይላል።

«ፉሳኤ! ምን ነካሽ? ነጥብሽ እኮ አለቀ!» ብሎ ናዋታ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ባሌን እያዳመጥኩ ነው» አለችው።

ማሽኑ ሁለታችንንም ጣለን። እሷ ግን ያንን ሳቋን ሳቀች፤ ኧረ ከዚያም የበለጠውን! ላቧን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ወደ ናዋታ ዞረች።

«ነገ የምቆመው ከዚህ ቅናታም ጋር ነው። መጨረሻ እንወጣለን፣ ይታወቀኛል። ቦርሳዬን ትይዝልኛለህ?»

ናዋታ ነጭ ጓንቱን ቀስ እያለ አወለቀና ቦርሳዋን ተቀበላት። ፊቱን አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት ፊት ነው።