ለመልማዩ የተነገረው

አየለች የልጅ ልጇን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ሙሉውን አይታ አታውቅም። ቀርታ አይደለም፤ ዓይኗን ስለምትጨፍን ነው።

በረዶው ላይ ከሚወጡት ልጆች ሁሉ ትንሹ ፊልሞን ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ አምስት ጫማ ከአራት ኢንች ላይ ቆሟል። ሌሎቹ ግን ምን በልተው እንዳደጉ እንጃ፣ በር የሚሞሉ፣ ጢም ያወጡ ጎረምሶች ናቸው። ልጇ ዮሐና ከሆቴል ሥራዋ ከነዩኒፎርሟ እየሮጠች ትመጣና አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ "እማዬ፣ አለፈ፣ ክፈቺ" ትላታለች። አየለች አንድ ዓይኗን ትከፍታለች። ፊልሞን ያቺን ጥቁር ጎማ በዱላው ጫፍ እየነዳ ግንድ በሚያካክሉ ሁለት ጎረምሶች መሀል ሹልክ ብሎ ይወጣል። ልብ ሞቅ ይላል። ሦስተኛው ግንድ ግን ከየት መጣ ሳይባል ይደርስና ልጁን ከመስታወቱ ጋር ያላትመዋል።

"በኢየሱስ ስም! እዚህ አገር ፖሊስ የለም?"

"ጨዋታ ነው እማዬ።"

"ጨዋታ! ሰው እየገደሉ ጨዋታ!"

ከኋላቸው የተቀመጡት የሌሎቹ ልጆች አባቶች ሳቁ። አንደኛው የሆነ ነገር ጮኾ ተናገረ፤ ባሰባቸው። አየለች ምን እንዳለ ስትጠይቅ ዮሐና "ምንም" አለች። በኋላ መኪና ውስጥ የነገራት ራሱ ፊልሞን ነው፤ ከንፈሩ አብጦ እየሳቀ። "ያንን ትንሹን በምሳ ዕቃ አድርጋችሁ ወደ ቤቱ ላኩት ነው ያለው እቴቴ። ኢትስ ኦኬ። ሁሌም ይላሉ።"

ሁሌም ይላሉ። ይህን ከሰማች በኋላ አየለች ሁለት ቀን እህል አልወረደላትም።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በግንቦት መጀመሪያ ድራፍት አለ፤ የወጣቶቹ ሊግ ቡድኖች ተራ በተራ ልጅ የሚመርጡበት ቀን ነው። የተመረጠ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ቡድን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ኮሌጅ በነጻ ይማራል። ያልተመረጠ እዚሁ አሌክሳንድሪያ አፓርታማው ውስጥ ይቀራል። ፊልሞን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ነገር አስቦ አያውቅም። አሠልጣኙ ዮሐናን ጠርቶ እንዲህ አላት፦ አንድ ቡድን ልጁን ይፈልገዋል፣ ቁመቱ ግን ያሳስበዋል፤ ስለዚህ ልጅ የሚመለምል ሰው ቤታችሁ ይልካል። ትልቅ ልጅ ሲሆን ልጁን ብቻ ያያሉ፤ ትንሽ ልጅ ሲሆን ከማን እንደተወለደ ያያሉ።

ነጭ ይመጣል ብለው ቤቱን ሲያሰናዱ የሰነበቱት ሰዎች በሩን ሲከፍቱ ያገኙት ያገራቸውን ልጅ ነው። አክሊል ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አንደበቱ ማር። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። አየለችን ጉንጭ ለጉንጭ አራት ጊዜ ሳማት።

"እማማ፣ እኔ የታኮማ ፓርክ ልጅ ነኝ። አያቴ ናት ያሳደገችኝ።"

"ኧረ ጎሽ! እንግዲያው የኛው ነህ!" አለች አየለች። የስንት ቀን ጭንቀቷ ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት።

አክሊል ሥራውን ከበር ላይ እንደ ጀመረ ግን አላየችም። የራሱን ጫማ ሲያስቀምጥ የፊልሞንን ጫማ ገልበጥ አድርጎ ቁጥሩን አይቷል። እግሩ ትልቅ ያልሆነ ልጅ ቁመት አይጨምርም ይላሉ። ቀጥሎ የፊልሞንን እጅ ያዘና አንጓውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፤ የበግ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ ገበያተኛ።

"እትዬ ዮሐና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግድግዳው ጋ ይቁሙልኝ?"

ዮሐና ቆመች። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ከተረከዟ እስከ ጭንቅላቷ ለካት።

"አባቱስ?"

"ሙላቱ ዳላስ ነው። ከተለያየን ቆየን። ቁመቱ . . . ከኔ ትንሽ ይበልጣል" አለች፤ ድምጿ ግን እሷንም አላሳመናት።

"ከበር ጎን የቆመበት ፎቶ ይኖራችኋል?"

ፎቶው ተገኘ። አክሊል በጣቶቹ እያሰፋ በሩንና ሰውዬውን አስተያየ። "እ—ሺ" አለ። ያቺ "እሺ" የፊልሞንን ፊት አመድ አስመሰለችው።

ዮሐና የሥራ ሰዓቷ ደርሶ ወጣች። ፊልሞን ደግሞ አክሊል አመታቱን ሊያይለት ስለፈለገ መረቡንና ዱላውን ሊያዘጋጅ ወደ ፓርኪንጉ ወረደ። አየለች ሻይ ቀዳች። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"እስቲ እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። አብረውት የሚውሉት እርስዎ ነዎት። ልጁ እንዴት ነው?"

እንግዲህ አየለች ስለ ፊልሞን የምታውቀውን ብታውቁ! አንድ ድስት ፓስታ ብቻውን ጨርሶ ዳቦ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ከተወለደ ሐኪም ቤት የሄደው ለክትባት ብቻ ነው። ጎኑ ጠቁሮ ይገባና "ነገም አለ" ብሎ እንደ ድንጋይ ይተኛል። ትምህርት ቤት ሳይሄድ በፊት ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ መቶ ጊዜ ጎማዋን ይመታል። ይህን ሁሉ ልቧ ውስጥ ቆልፋ ይዛዋለች።

ቁልፉ ያለ ምክንያት አልገባም። የመጀመሪያ ልጇ፣ የዮሐና ታላቅ፣ ናዝሬት ሳሉ ስምንት ወሩ ነበር። አንዲት እንግዳ ከበር ላይ፣ "ይሄ ምን ያምራል! ጉንጩ ዳቦ!" አለች። ሳምንት አልቆየም። ፓስተር በፈቃዱ "ኩፍኝ ነው የገደለው እማማ፤ የሰው ዓይን አይገድልም" ይሏታል። ልክ ናቸው፤ አየለችም አሜን ትላለች። አሜን ብላ ስታበቃ ግን አፏ የለመደውን ያደርጋል።

"ኧረ እሱ ምን አለውና ልጄ! አጥንት ብቻ። እህል አይቀምስ።"

"አይበላም?"

"ምን በልቶ! ክረምቱን በሙሉ ሲያስል ነው የከረመው።"

"ሲመቱትስ? አይፈራም?"

"አይፈራም ብለህ ነው? ሲቃዥ ነው የሚያድረው።"

"ተሰጥኦው ግን ትልቅ ነው ይላሉ።"

"ማነው ያለው? ከሰው ልጅ ምን የተለየ አለው? ደካማ ነው የኔ ልጅ። እንዲያው እግዚአብሔር ካቆየው ነው።"

አክሊል ፈገግ አለ። "አያቴም ልክ እንደዚህ ነበር የምትለው።"

ገባው፣ አለች አየለች በሆዷ። ተመስገን፣ የኛ ልጅ ነው፣ ገባው። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲሄድ አይታለች፤ ለእጮኛው የሚጽፍ መስሏት ሻይ ጨመረችለት።

በዘጠነኛው ቀን አሠልጣኙ ለዮሐና አንድ ኢሜይል ላከላት። አዝኖላቸው ይሁን ሊገላገላቸው አይታወቅም፤ ያያያዘው አክሊል የጻፈውን ሪፖርት ነው። ፊልሞን ወጥ ቤት ቆሞ አነበበው። ከዚያ ለአያቱ ይገባት ዘንድ በአማርኛ መለሰው፤ ቀስ እያለ፣ ቃል ሳይጥል።

"'አያትየው ደጋግመው እንደተናገሩት ልጁ ደካማ ነው። አይበላም። ክረምቱን በሳል ያሳልፋል። ከተመታ በኋላ ይቃዣል። ቤተሰቡ ራሱ አያምንበትም። ቁመት የሚጨምርበት ምልክት የለም። አልመክርም።'" ቀና አለ። "ዲድ ዩ ሴይ ዚስ? ብለሻል እቴቴ?"

"ብያለሁ፣ ግን—"

"ግን ምን?"

"እሱ ያውቃላ! የኛ ልጅ ነው! እንዲህ የሚባለው ለምን እንደሆነ ያውቃል!"

ከሥራ የገባችው ዮሐና ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። "አሥር ዓመት አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩት ለዚህ ነው እማዬ? ለዚህ?"

"ልጄን ለሰው ዓይን ልስጥ? ወንድምሽን ረሳሽው?"

"ዓይንማ አልበላውም" አለች ዮሐና። "አንቺ በላሽው።"

እንዲህ ያለ ቃል ልጅ ለእናቷ አትናገርም። ከተናገረች በኋላም አልደነገጠችም።

በማግስቱ ቅዳሜ አየለች ለማንም ሳትናገር ወጣች። አክሊል ሲልቨር ስፕሪንግ ሌሎች ልጆች ሊያይ እንደሚውል ከፊልሞን ሰምታለች። ባቡር ቀይራ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ሁለት ጊዜ ጠፍታ የበረዶ ሜዳው ደረሰች። አክሊል ከመልማዮቹ መሀል ተቀምጦ፣ የቡና ኩባያውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል። ሲያያት ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላት። ጨዋነቱ አልጎደለም።

"ውሸቴን ነው" አለችው ሳትቀመጥ። "ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው። ይበላል። አይታመምም። አይቃዥም።"

"አውቃለሁ እማማ።"

"ታውቃለህ?"

"አያቴ በሰው ፊት ጦጣ ነበር የምትለኝ። ሰዉ ሲሄድ ታቅፈኛለች።"

"ታዲያ ለምን ጻፍከው?"

አክሊል ጎንበስ ብሎ፣ ሰው ሊሰማው እንደሚችል ሁሉ ድምጹን ዝቅ አደረገ፤ እዚያ አማርኛ የሚሰማ ግን አልነበረም። "አለቃዬ ለአጭር ልጅ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት አጭር ልጆች ነበሩኝ። ያንደኛው አባት ጠበቃ ነው፤ ልጁ ከቀረ ለምን ቀረ ብሎ የክስ ወረቀት ያወጣል። እናንተ ለምን አትሉም። ምክንያት ነበር የቸገረኝ፤ እርስዎ ሰጡኝ።"

"አሁን አስተካክለዋ!"

"ምን ብዬ? አያትየው በባቡር መጥተው ጀግና ነው አሉ ብዬ? ሙገሳ አንጽፍም እማማ። ሙገሳ በየቤቱ አለ። የምንጽፈው ቤተሰብ በራሱ ልጅ ላይ የሚናገረውን ነው፤ እሱ ይታመናል።"

አየለች ዙሪያዋን አየች። በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "አንበሳ ነው!" አለች። "ሰማችሁ? ፊልሞን አንበሳ ነው! ከእነዚህ ዝሆኖቻችሁ ሁሉ ይበልጣል! ቆንጆ ነው! ጤነኛ ነው!" እያንዳንዱ ቃል ከአፏ ሲወጣ ልጁን በገዛ እጇ ገደል አፋፍ ላይ የምታቆመው ይመስላታል። መልማዮቹ ዞሩ። አንዱ አክሊልን የሆነ ነገር ጠየቀው፤ አክሊልም መለሰለት፤ ሳቁ።

"ኡበር ልጥራልዎት እማማ?" አላት።

ድራፍቱ ማክሰኞ ነበር። ፊልሞን ላፕቶፑን ከፍቶ ቁጭ አለ፤ ተስፋ አልቆረጠም፤ "ሌላ ቡድን ሊኖር ይችላል" እያለ እናቱን ያጽናናል። አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ስም በስም ላይ ይመጣል። በዘጠነኛው ዙር የጠበቃው ልጅ ስም ወጣ፤ ከስሙ አጠገብ ቁመቱ ተጽፏል፦ አምስት ጫማ ከአምስት ኢንች። ፊልሞን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ የአንድ ኢንች ያህል ክፍተት ሠራና በመሀሉ አያቱን አያት። የመጨረሻው ዙርም አለፈ።

"ከእንግዲህ ጨዋታዬ ላይ አትምጪ" አላት።

"እሺ የኔ ጌታ።"

"ቸርችም ስለኔ አትጸልዪ። እዚያም ደካማ ነው ነው የምትይው።"

ዮሐና ሰማች፤ ልጇን አልገሠጸችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊልሞን ከስልኩ ቀና ብሎ ለብቻው ሳቀ። ከአያቱ ጋር መነጋገር ካቆመ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። "አክሊል ዛሬ ስፕሪንግፊልድ ነው። የስሂንን ልጅ ሊያይ፤ አምሃን። ለሚቀጥለው ዓመት" አላት እናቱን።

ስሂን በፊት እዚሁ ሕንጻ ጎረቤታቸው ነበረች፤ ቤት ገዝታ ነው የሄደችው። አምሃ ከፊልሞን በአንድ ዓመት ያንሳል፤ በቁመትም ያንሳል። አየለች ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና ደወለች። ያኛው ልጅ እንኳ ይትረፍ።

"ስሂን፣ ስሚኝ። ዛሬ አንድ ልጅ ቤትሽ ይመጣል። ጨዋ ነው፣ እማማ ይላል፣ ጫማውን ያወልቃል—"

"መጥቷል እኮ እማማ! ፊቴ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው።"

"አዳምጪኝ። ስለ አምሃ ክፉ ቃል እንዳትነግሪው። አሞግሺው። ይበላል በይ፣ ብርቱ ነው በይ፣ እንደሱ ያለ ልጅ የለም በይ!"

ስሂን ዝም አለች። አየለች ያንን ዝምታ አወቀችው። የልጅ ልጇ ሳይመረጥ የቀረባት አሮጊት ደውላ የሰው ልጅ አሞግሺልኝ ስትል ምን ፈልጋ ነው? አየለች ብትሆን ምን ታስብ ነበር?

"አምሃን?" አለች ስሂን፤ ድምጿ ጫጩቷን ክንፏ ሥር እንደከተተች ዶሮ ነው። "ውይ እማማ፣ ምኑን ላሞግሰው? ጤና የለው፣ ጉልበት የለው። የተባረከስ የእናንተው ፊልሞን ነው።"

"ስሂን! በጌታ ስም ተይ!"

"እውነቴን ነው። ይሄ ምን ልጅ ነው? ንፋስ የሚጥለው።"

ከወዲያ ማዶ ሲኒ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ቀጥሎም ያ ለስላሳ፣ ትሑት ድምጽ።

"ይቅርታ እትዬ ስሂን፣ ጉልበት የለውም ነው ያሉኝ?"