ለብርሃንነሽ የወጣ ደቦ

ብርሃንነሽ እናቷን ደብረ ብርሃን ቀብራ ጅማ ስትገባ፣ ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታስቀምጥ በባጃጅ በቀጥታ ወደ ካባው ወጣች። ካባው ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ተፈልፍሎበት የተተወ ራቁት መሬት ነበር። ማንም የማይፈልገውን ይህን ቦታ በሲባጎ ከፋፍላ፣ ምን ምን እንደሚበቅልበት ስትከታተል ሦስት ዓመት ሆኗታል። የዶክትሬት ጥናቷ በሙሉ እዚያ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ችኩሎቹ ናቸው፤ ቅጠላቸው ስስ፣ ዘራቸው ብናኝ፣ ቶሎ አብበው ቶሎ የሚሞቱ። እነሱ በስብሰው አፈር ሲሆኑ ግራዋው ተከተለ፤ ከግራዋው ጥላ ሥር ደግሞ ዋንዛ ብቅ አለ። ቅጠሉ ከዓመት ዓመት እየወፈረ፣ ዘሩ እየከበደ፣ እድገቱም እየተረጋጋ ሲሄድ በዓይኗ አይታለች። የቀራት የዘንድሮው ልኬት ብቻ ነበር።

መሬቱ ተላጭቶ ጠበቃት። አንዲት ሙጃ አልቀረችም። ሲባጎው በሥርዓት ተጠቅልሎ ካስማ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ያጠፋው ሰው ተጠንቅቆ ነው ያጠፋው።

ከካባው አጠገብ ቡና ያላቸው ሽማግሌ፣ አባቦራ፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። ሰፈሩ የእናቷን ሞት ስትሄድ መናኸሪያ ካደረሳት የባጃጅ ሾፌር ሰምቶ ደቦ መውጣቱን፣ ጎረቤታቸው ዘይቡ ገንፎ ይዛ መምጣቷን፣ ግራዋው ሥሩን ሰዶ ጎልማሳውን ሁሉ እንዴት እንዳላበው ተረኩላት። የሐዘንተኛ ማሳ አረም ሲውጠው ዝም ብሎ ማየት በዚያ አገር ነውር ነው።

ደሟ ፈላ። ደግ ሰው ላይ መጮህ እንዴት ያለ መከራ ነው። ሌባ ቢሆን ቀበሌ ትከስ ነበር፤ ደቦ የወጣን ሰው የት ይከሱታል?

«አባቦራ፣ እኔ የምፈልገው እኮ አረሙን ነበር» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ያስነቀሉት ትምህርቴን ነው።»

ሽማግሌው ባዶውን መሬት ደጋግመው አዩት።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽን፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ሦስት ዓመት በደጃችን ስታልፊ ሰላም ብለሽ ነው የምትሄጂው። እዚህ ብቻሽን ስትንበረከኪ እያየን፣ የሚያርምላት ሰው የላትም ብለን ስናዝንልሽ ከረምን። እናትሽ ሲሞቱ ደግሞ፣ አሁንስ ማን ቀራት አልን።»

የግራዋውን ቅጠል ውፍረት ታውቃለች፤ የዘይቡን ልጆች ስም ግን አታውቅም። ንዴቷ አልበረደም፤ የሦስት ዓመት ልፋት እንዲህ በአንድ ጠዋት ሲነቀል ማን ይበርድለታል? ግን ቀብሩ ላይ እምቢ ያላት እንባ አሁን መጣ፣ ማቆምም አቃታት።

አባቦራ ለአረሙ የምታለቅስ መስሏቸው ጋቢያቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«አይዞሽ» አሏት። «አረም አይደል? ተመልሶ ይበቅላል።»