ሰጪዋ ገነቴ ናት

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ባደለው ቅጽ ላይ «ቅድሚያ ክፍያው ከአባሉ ደመወዝ ካልሆነ ሰጪው ይገለጽ» የሚል መስመር ነበር። እኔም ደወል ሳይደወል ልጨርስ ብዬ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንደቆምኩ «ከአባቴ ከአቶ ሽብሩ በስጦታ» ብዬ ጻፍኩ። ገንዘቡን የሰጠችኝ እናቴ መሆኗን እያወቅሁ ነው። ቅጽ ሲሰጡኝ አባት መጻፍ ለምዶብኛል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ወልደኪዳን ቅጹን አይቶ፣ አባቴ በአውራ ጣቱ እንዲፈርምበት እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኝ። ካልሆነ ሆሳዕና ላይ ከሚሠሩት ሃያ አራት ቤቶች የእኔ ተራ ለተጠባባቂ ያልፋል። ሰውየው ክፉ አይደለም። በዘመድ ስም ሁለተኛ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ስላስቸገሩ ነው ቁጥጥሩ የጠበቀው። እኔና ባለቤቴ ጵርስቅላ ግን ከቀበሌ በተመራን አንድ ክፍል ሦስት ዓመት ኖረናል። ኩሽናውን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ነው የምንጋራው። ሁለተኛ ልጃችን ሊወለድ ነው፤ ይህ ተራ ካመለጠን ሌላ ማኅበር መቼ እንደሚቋቋም የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወላጆቼ ወደሚኖሩባት ጃጁራ ሄድኩ። ገንዘቡን በዚያች ክፍል ጥዬው መሄድ ስለፈራሁ በኪሴ ይዤዋለሁ። አባቴን እንሰቱ ውስጥ አገኘሁትና ወረቀቱን አነበብኩለት። ለጣቱ ያመጣሁትን የቀለም ቆርቆሮ ስከፍት እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ መለሰ።

«ይኼ የቅቤ ገንዘብ ነው» አለ። «እኔ አልነካውም።»

በእኛ አገር ቅቤ የሴት ነው። አማ፣ እናታችንን እንዲህ ነው የምንጠራት፣ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ዊጆ አላት። አራቱ ሴቶች ቅቤያቸውን በየተራ ለአንዷ ያዋጣሉ፤ ባለተራዋ የተጠራቀመውን ጃጁራ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። ባል በስንት እንደተሸጠ አይጠይቅም። እጁን ካስገባ ሴቶቹ አስቀምጠው ይቀጡታል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ግን ገበያ ላይ የሚወራው ይከብዳል። አባቴ ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖር ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም።

ወረቀት ብቻ እንደሆነ፣ ከፋይል ወጥቶ የሚያየው እንደማይኖር እየነገርኩ ለመንኩት። አማ ከጓዳ ሰምታ ወጣችና ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ገንዘቡን እንዳመጣ ብቻ እጇን ዘረጋች። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ እሷ እንደሰጠችኝ በደረቅ የእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ፣ መለስኩላት።

«አማ፣ ዓርብ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«ዓርብን አውቃለሁ። ይኼ የአሥራ አንድ ዓመት ቅቤ ነው። ሽብሩ ሰጠ ተብሎ ቤት ከሚሠራበት እኔ ጋ ይቀመጥ።»

የማኅበሩ መመሪያ ሰጪው የቤተሰብ ኃላፊ ይሁን እንደሚል ላስረዳት ሞከርኩ።

«ኮሌጅ የላክንህ የእናትህን ስም መዝለል እንድትማር ነው?» አለችኝ።

ያን ሌሊት ብዙም አልተኛሁ። ጠዋት ስነሣ አማ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጥቅሉን ጉያዋ ውስጥ ከታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። አባቴም ጫማውን አጥልቋል። ሦስታችንም ሆሳዕና ገባን። ከመናኸሪያው እስከ ማኅበሩ ቢሮ አማ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሄድን።

ጓድ ወልደኪዳን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ነገሩን ሁሉ ሳያቋርጠኝ ከሰማ በኋላ መላ ነው ያለውን አቀረበ፦ አባት እንደ ሰጪ፣ እናት እንደ ምስክር ይፈርሙ፤ ገንዘቡ ያው ከአንድ ቤት የወጣ ነው።

አማ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሹምም ይሁን ደንበኛ «አንተ» ነው የምትለው።

«ሚስትህ ቅቤ ትገዛለች?»

«ትገዛለች፣ እናቴ።»

«ብሩን ለማን ነው የምትሰጠው? ለሻጭዋ ነው ለሻጭዋ ባል?»

ፈገግ አለ። ግን መመሪያው ሰጪው የቤተሰብ ኃላፊ ይሁን እንደሚል ተናገረና ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ምስክር በሉኝ፣ እፈርማለሁ» አለ አባቴ። «ሰጪ ካላችሁኝ ግን ጃጁራ በየትኛው ፊቴ እገባለሁ?»

አባቴም ሊቀ መንበሩም ወደ እኔ አዩ። እስከዚያ ድረስ ወላጆቼን እንደገና ስለመለመን ነበር የማስበው። ብዕሬን አወጣሁና የአባቴን ስም ሰረዝኩ። ከበላዩ «ከእናቴ ከወይዘሮ ገነቴ ሄሊሶ በስጦታ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስርዙ አጠገብም ፈረምኩ። ግርጌው ላይ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ተጽፏል።

«ምን አደረግህ አንተ መምህር?»

«አስተካከልኩት። የማይቀበሉት ከሆነ፣ ጓድ ወልደኪዳን፣ አልተቀበልኩም ብለው ይጻፉልኝ። ምክንያቱንም ጨምረው። ሰጪዋ ሴት ስለሆነች ብለው።»

ንጹሕ ወረቀት ሳበ። ቀኑን ጻፈ፤ «ጉዳዩ» ብሎ አሰመረበት። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት የተጠራ የሰኞ ስብሰባ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ እሱ ግን ያየው አማን ነው። አማ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀኑን ሙሉም ቢሆን እንደምትጠብቅ ሰው ተደላድላ ተቀምጣለች።

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ጠያቂ ከመጣ አንተን ነው የምጠራው» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት።

አማ ከመፈረሟ በፊት ቅጹን ከላይ እስከ ታች አስነበበችኝ። ስሟ ጋ ስደርስ እንድደግመው ጠየቀች፤ ደገምኩት። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አሳረፈች፤ አባቴም ከሥር፣ በምስክርነት። ጥቅሉን ለእኔ አልመለሰችውም። ራሷ ፈታችና ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ክፍሉን የቅቤ ሽታ ሞላው። ጓድ ወልደኪዳን ቆጠረ፤ ጣቶቹን አየት አድርጎ ሱሪው ላይ ጠረገና ደረሰኙን ቆረጠ።

አማ ማንበብ አትችልም። ደረሰኙን ግን ቀድማ ተቀበለች፣ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

«የእኔ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት። ሰውየው ጣቶቹን በደንብ አልጠረገም ኖሯል፤ ከስሟ ጎን የቅቤ ምልክት ቀርቶበታል።